ጭራቁ የሚወርድበት ቦታ

የፋብሪካችን ሰርቪስ ከዱከም ተነስቶ አዳማ እስኪገባ አምስት ቦታ ሰው ያወርዳል፤ ቢሾፍቱ ሁለት ቦታ፣ ሞጆ አንድ፣ አዳማ ሁለት። ስድስተኛ መውረጃም አለን። በሞጆና በአዳማ መካከል ነው። ቤት የለበትም፣ ሱቅ የለበትም። መንገዱ ትንሽ ይታጠፍና ጋራው ላይ የቆሙት ነጫጭ የንፋስ ተርባይኖች ድንገት ይታያሉ። እዚያ ስንደርስ አንዱ ከኋላ «ወራጅ አለ!» ይላል። ሹፌሩ ዳር ይይዛሉ፣ በሩን ይከፍታሉ፣ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ መልሰው ይዘጋሉ። አንድም ሰው ከወንበሩ አይነሳም። የሚወርደው ጭራቁ ነው።

አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያ ቀን ግራ ገብቶት ወደ በሩ ያያል። በሁለተኛው ሳምንት ራሱ «ወራጅ አለ» ለማለት ይሽቀዳደማል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞጆ የሚወርዱት ወርደው መኪናው ሲንቀሳቀስ ማዘር አንድ የሚያስፈራ ታሪክ ይጀምራሉ። ታሪኩ ተርባይኖቹ ሲታዩ ያልቃል። በታሪኩ ውስጥ የመጣው ፍጡር ግን አብሮን ከተማ መግባት የለበትምና እዚያው ይወርዳል። «ልጆች ያሉበት ቤት ነው የምንገባው» ይላሉ ማዘር።

ሁላችንም ማዘር የምንላቸው በማሸጊያ ክፍል የሚሠሩ ሴት ናቸው። ያደጉት በአቦምሳ በኩል ነው፤ አዳማ ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። አማርኛቸው የከተማ ነው፤ ታሪኩ ሲጠና ግን ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል፤ ጭራቁንም ያኔ ቡልጉ ይሉታል። ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ወደ እኛ ዞረው፣ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ሳይጠይቁ አይጀምሩም።

«በሩ ተዘግቷል?»

«ተዘግቷል!»

«መስኮቱስ?»

«እሱም!»

«እንግዲያው መውጫ የለም» ይላሉ። ያኔ ከፊት እስከ ኋላ ሳቅ ይሆናል፤ ሳቁ ሳያልቅ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉታል። ጮኸው አስፈርተውን አያውቁም። ድምፃቸው ዝቅ ባለ ቁጥር ሁላችንም ወደፊት እንዘነብላለን።

እኔ በዚያ ፋብሪካ የካርቶን ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ካርቶኑ ሁለት ሚሊሜትር ቢያጥር ማስመሪያ ሳላወጣ አየዋለሁ። ከአስረኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ከአሮጌ መጻሕፍትና ከማሽን መመሪያዎች ነው። እንዲህ የተማረ ሰው አንድ አመል ይኖረዋል፤ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይጽፋል። አስተማሪ ስለሌለው ቢረሳ የሚያስታውሰው የለም። እኔም የማዘርን ታሪኮች እጽፍ ነበር። ካሬ ባለው ደብተር ላይ፣ በየገጹ አናት ቀኑን፣ ከሥሩ ታሪኩን፣ በኅዳጉ ደግሞ በዚያ ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ያየሁትን፤ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን እንዳልመጣ፣ ዝናብ እንደነበር ወይም እንዳልነበር። በሰርቪሱ ውስጥ ብዙ አልናገርም። ደብተሬን ያዩ ሰዎች የፋብሪካ ሥራ የምሠራ ይመስላቸው ነበር።

ሰው ለምን መፍራት እንደሚወድ ያሰብኩት በዚያ መኪና ውስጥ ነው። ልጅ ሳለሁ በተከራየነው ግቢ ውስጥ ሽንት ቤቱ ከጓሮው ጫፍ ነበር፤ እዚያ ብቻዬን ስሄድ የምፈራውን ፍርሃት እጠላው ነበር። ከአክስቴ ልጆች ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ መሃል ተኝቼ ትልቁ ስለ ጭራቅ ሲያወራ የምፈራው ግን ሌላ ነበር። «ይብቃ» እለዋለሁ፤ ካቆመ ደግሞ «ከዚያስ?» እላለሁ። ጭራቁ ያው አንድ ጭራቅ ነው። ልዩነቱ ግራና ቀኜ የሚሞቅ ትከሻ መኖሩ ነበር። ሰርቪሱም እንደዚያ ነው። ሁላችንም የየራሳችን ፍርሃት አለን፤ የቤት ኪራይ፣ የታመመ ወላጅ፣ ማሽን ሲቆም የሚመጣ ወሬ። እነዚያ ፍርሃቶች ተርባይኖቹ ጋ አይወርዱም፤ ቤት ድረስ ይከተላሉ። የማዘር ቡልጉ ግን መውረጃ አለው።

አንድ ጊዜ ሹፌራችን ታመው የመጣው ምትክ ሹፌር «ባዶ ሜዳ ላይ በር አልከፍትም» ብሎ አለፈ። ሳቅን፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። በማተሚያ ማሽን ላይ የምትሠራው ተጫዋቿ ልጅ «እና ዛሬ ማን ጋ ነው የሚያድረው?» አለች። እኔ በዚያ ምሽት ከአልጋዬ ሥር ማየቴን ለማንም አልተናገርኩም።

ከታሪኮቹ ሁሉ የሚወደደው የማማዋ ልጅ ታሪክ ነበር። ከአዋሽ ማዶ አንዲት ልጅ ማሽላ ከወፍ ትጠብቃለች። ማማ ላይ ተቀምጣ ወንጭፏን ይዛለች። አንድ ሰው በእርሻው ዳር ሲያልፍ ቀና ብሎ ሰላም ይላታል፤ «አከም ጅርታ? ሎን ነጋ ዳ? ኢጆሌን ነጋ ዳ?» ደህና ነሽ፣ ከብቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና።

«ሰላምታው ምንም አልጎደለውም» ይላሉ ማዘር። «ልብሱ ንጹሕ ነው። ጥርሱም እንደ ሰው ጥርስ ነው። ግን መልስ አይጠብቅም። አንዱን ጠይቆ ሳትመልስለት ሌላውን ይጠይቃል። ቡልጉን የምታውቁት በዚህ ነው። የራበው ነገር ሰላምታ ለማስጨረስ ትዕግሥት የለውም።»

በማግስቱ ቀረብ ብሎ ያልፋል። በሦስተኛው ቀን ከማማው ሥር ቆሞ «ቤታችሁ ስንት ልጅ አለ?» ይላታል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ከመካከላችን አንዱ ትንፋሹን ስቦ ይይዛል። ልጅ በቁጥር አይጠየቅም፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ጤነኛ ሰው የለም።

ይህ ታሪክ ፋብሪካው ውስጥም ገብቶ ነበር። አንድ ኃላፊ አለን፤ በኮሪደር ሲያልፍ «ሰላም ነው? ሥራ ጥሩ ነው?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። የማተሚያዋ ልጅ አንድ ቀን ከኋላው አይታው «ልጅ ስንት አለሽ ካለሽ ሩጪ» ብላ ለጓደኛዋ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እኛ የሰርቪሱ ሰዎች ጠዋት ስንገናኝ ሰላምታ እስከ መጨረሻው እንጠያየቃለን፤ ማንም ቡልጉ መባል አይፈልግም።

ስህተቱን የሠራሁት የካቲት ላይ ነው።

የዚያን ቀን የማተሚያዋ ልጅ የማማዋን ታሪክ ለመነቻቸው። ማዘር አወሩ። በዚያ ቀን አወራር ልጅቷ ከማማው በሌላ በኩል ተንሸራታ ማሽላው ውስጥ ትደበቃለች፤ ቡልጉ በእሷ ፋንታ ከሥር የታሰረችውን ፍየል በልቶ ይሄዳል። ሥራ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ የሆነ አዲስ ሠራተኛ «እውነት ነው ግን ማዘር?» አለ።

«እናቴ በዓይኗ ያየችው ነው» አሉ።

እኔ ደብተሬን ገለጥኩ። ክፉ አላሰብኩም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር፤ እኔን ያህል በጥንቃቄ ያዳመጣቸው ሰው እንደሌለ የማሳይ መስሎኝ ነበር። ማዳመጥ ማለት ለእኔ አንዲት ነገር አለመሳት ነው።

«ይቅርታ ማዘር» አልኩ። «መስከረም ላይ ቡልጉ ቤት ድረስ ገብቶ ልጅቷን በልቷታል። ጥቅምት ላይ ቤት አልገባም፤ የበላት ማማው ላይ ነው። ኅዳር ላይ ፍየል ሆነ። የትኛው ነው ትክክሉ?»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። «ማዘር ተያዙ!» አለ አንዱ። «ጥራት ፍየሏን ሪጀክት አደረጋት!» አለች የማተሚያዋ ልጅ፤ ጥራት የሚሉኝ እኔን ነው፣ ሪጀክት የምለው ደግሞ የምጥለውን ካርቶን።

ማዘርም ሳቁ። ሳቃቸው ግን አጭር ነበር። «ሠላሳ ዓመት ሳወራ የመዘገበኝ አልነበረም» አሉ። «እንግዲህ ልጄ፣ ውሸታም ናቸው ብለህ ጻፍ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ፊተኛው መስታወት አዞሩ። እንዲያ ጀርባቸውን ሰጥተውን አይተናቸው አናውቅም ነበር። ተርባይኖቹ ታዩ፤ ሹፌሩ እንደ ልማዳቸው ቀዝቀዝ አደረጉ፤ «ወራጅ አለ» የሚል ግን ጠፋ። አለፍን።

በማግስቱ ሞጆን ስናልፍ ማዘር አልዞሩም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሰው ስልኩን አወጣ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰካ። የማተሚያዋ ልጅ ስታልፈኝ «አንተ ሰውዬ፣ ጭራቁን ገደልክብን» አለችኝ፤ እንደ ቀልድ ነበር፣ ግን አልሳቀችም።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። ማዘር በወሩ መጨረሻ ጡረታ እንደሚወጡ፣ ሻሸመኔ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የቀራቸው ሦስት ሳምንት ነው። በዚህ ከቀጠለ ከዚያ መኪና ለመጨረሻ ጊዜ የሚወርዱት ውሸታም ተብለው ነው። ያንን ስም ያወጣሁላቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

በሻይ ሰዓት ማሸጊያ ክፍል ሄድኩ። የታሸጉ ካርቶኖች ላይ ተቀምጠው ዳቧቸውን ይቆርሱ ነበር።

«ማዘር፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ምን አደረግህ?»

«በሰው ፊት… ያ ነገር።»

«እውነቱን ነው የተናገርከው። ደብተር አይዋሽም» አሉኝ። ከዳቧቸው ቆርሰው ሰጡኝ። ዳቦውን በላሁ። ይቅርታዬን ግን እንዳልተቀበሉኝ ገባኝ፤ የተቀየመ ሰው እንዲያ ጨዋ ሲሆን ቅያሜው ጥልቅ ነው።

እሑድ ቤቴ ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። በሥራዬ ካርቶን አጥሮ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ማን አሳጠረው ብለን አይደለም፤ ከመቼ ጀምሮ ነው እንላለን። የጀመረበት ቀን ከታወቀ ምክንያቱ እዚያው አጠገቡ ይገኛል። ታሪኩ የተለወጠባቸውን ገጾች ጎን ለጎን አደረግኋቸው። ቡልጉ ቤት መግባት ያቆመው ጥቅምት ላይ ነው። በዚያው ገጽ ኅዳግ ላይ በራሴ እጅ እንዲህ ጽፌአለሁ፤ «የማተሚያዋ ልጅ ስለ አዲሱ ቤቷ አወራች። ብቻዋን ነው የተከራየችው። በሩ በጓሮ በኩል ነው።» ወደ ኅዳር ገለጥኩ። ፍየሏ የመጣችበት ቀን ኅዳግ፤ «የቆረጣ ክፍሉ ጋሼ ከልጃቸው ሐዘን ተመለሱ። የድሮ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።»

ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በታሪኩና በኅዳጉ መካከል ያለው ርቀት ጣት አይሞላም። አምስት ወር ሙሉ አላየሁትም። ማዘር አንድም ቀን አልተሳሳቱም ነበር፤ መኪናው ውስጥ ማን እንዳለ እያዩ፣ ፍርሃቱን ሰው በሚችለው ልክ ይቆርጡት ነበር። ብቻዋን ለምታድር ልጅ ጭራቁን ከበር መለሱላት። ልጃቸውን ቀብረው ለመጡ አባት የምትበላ ልጅ አላወሩባቸውም። እኔ ጉድለት ብዬ የመዘገብኩት ይህን ነው።

ይህን ግን በሰው ፊት ተነስቼ ልናገረው አልችልም ነበር። ብናገረው የማተሚያዋ ልጅ ፈሪነቷ ይወራል፣ የጋሼ ሐዘን እንደገና ይነሳል። ማዘር በዝምታ ያደረጉትን እኔ ማጋለጥ ይሆንብኛል። በደብተር ያበላሸሁትን በደብተር ማስተካከል አልተቻለኝም። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

በመጨረሻው ሳምንት ሐሙስ፣ ሞጆ የሚወርዱት ወረዱ። ሹፌራችን የዚያን ሰሞን ስልካቸውን ከመሪው አጠገብ አስቀምጠው ደጋግመው ያዩት ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደችው በዚያው ሰኞ ነው፤ ስልክ ገና አልደወለችም። በሩን ዘጉ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። 

«በሩ ተዘግቷል?» አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በታች ሆነ። ሁለት ሦስት ሰው ጆሮው ላይ የሰካውን ነቀለ።

«ማነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጥራት ነው! ጥራት ተናገረ!» አለች የማተሚያዋ ልጅ። «ኧረ ተዘግቷል በሉት፣ ሳይጸጸት!»

«ተዘግቷል!»

«መስኮቱስ?»

«እሱም!»

ማዘር አልዞሩም። እኔ ግን ጀመርኩ። የማማዋን ልጅ አወራሁ። እንደ ማዘር ድምፅ ማሳነስ አልችልም፤ ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው። የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገሮቹን በልካቸው አስቀመጥኋቸው። የማማው እግሮች አራት እንደሆኑ፣ አንደኛው በምስጥ እንደተበላ። የወንጭፉ ቆዳ በልጅቷ እጅ ላብ እንደጠቆረ። ሰውዬው በመጀመሪያው ቀን በድንጋይ ውርወራ ርቀት፣ በሁለተኛው ቀን በዚያ እኩሌታ እንዳለፈ። ሰላምታውን አንዱን ባንዱ ላይ እየደረብኩ በፍጥነት አልኩት። ቀና ስል አጠገቤ ያለችው ሴት የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨብጣለች። አዲሱ ሠራተኛ አፉን ከፍቷል። ሰው እያስፈራሁ እንደሆነ ገባኝ። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም፤ ሁሉም የፈራው ወደ እኔ ተጠግቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቡልጉ ከማማው ሥር ቆሞ ስንት ልጅ እንዳለ ጠየቀ። ከዚህ በኋላ ፍየሏን ላመጣ ነበር ሐሳቤ። ያን ጊዜ በመስታወቱ ውስጥ የሹፌሩን ዓይን አየሁ። መንገዱን እያዩ ይሰሙ ነበር። ፍየሏ ብትበላም ልጅቷ ከቤቷ ርቃ ብቻዋን ትቀራለች። ፍየል ለእሳቸው አትበቃም።

«ልጅቷ አልሮጠችም» አልኩ። ከዚህ በኋላ ያለው በደብተሬ የትኛውም ገጽ የለም። «ቆይ፣ የመጀመሪያውን ሰላምታህን ሳልመልስልህ አለችው። ከብቱ ደህና ወይ ብለኸኝ አልነበር? ጥቁሯ ላም አራት ቀን ታማ ነበር፣ አሁን ተሽሏታል አለችው። ቡሬዋ ወተቷ ቀንሷል። ጥጃው እናቱን ትቶ የአክስቱን ይጠባል። ከዚያ ወደ በጎቹ ሄደች፤ ከበጎቹ ወደ ዶሮዎቹ። ሰላምታ የጠየቀ መልሱን ሳይሰማ መሄድ ነውር ነው፤ ቡልጉ ደግሞ ሰው መምሰል አለበት። ቆሞ ሰማ። ጉልበቱ በረሃብ ይንቀጠቀጣል። አሥረኛዋ ዶሮ ላይ ስትደርስ ከእርሻው ጫፍ አባቷ ስሟን ሲጠሩ ተሰማ። ቡልጉ ዞሮ ሄደ። ልጅቷ ከማማው ወርዳ ከአባቷ ጋር ቤቷ ገባች።»



ማዘር ዞሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያ መኪና ውስጥ ፊታቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

«እንዲህ አልነበረም» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። «ልጅቷ እንዲህ ብላ አልመለሰችም። ደብተርህን እይ።»

«ደብተሩ ነው የተሳሳተው ማዘር።»

አዩኝ። ከእኔ ላይ ዓይናቸውን አንስተው ወደ ሹፌሩ መስታወት አደረጉት፤ እዚያ ቆየ። ሹፌሩ በእጃቸው ጀርባ ፊታቸውን ጠረግ አድርገው መሪውን ያዙ። ማዘር ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ዞረው ተቀመጡ።

«ጥቁሯ ላም ስንት ቀን ታመመች ነው ያልከው?»

«አራት ቀን።»

«አምስት ቀን ነው» አሉ። «እናንተ የከተማ ልጆች የላም ነገር አታውቁም። በአራት ቀን የምትነሳ ላም መጀመሪያም አልታመመችም።»

የማተሚያዋ ልጅ «ጥራት ራሱ ሪጀክት ሆነ!» ብላ ጮኸች፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ ማዘር ፌስታላቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። በዚያ ሳቅ መሃል መንገዱ ታጠፈ፤ ተርባይኖቹም ታዩ።

«ወራጅ አለ!» አሉ ማዘር።

ሹፌሩ ዳር ያዙ። በሩን ከፈቱት። ከወትሮው ረዘም አድርገው ክፍት ተዉት፤ የደረቀ ሣር ሽታ ያለው ነፋስ ገባ። ከዚያ ዘጉትና ወደ አዳማ ወረድን።

ቤቴ ስገባ ደብተሬን አውጥቼ ታሪኩን ጻፍኩ፤ ኅዳጉንም ሞላሁ። መጨረሻ ላይ ጥቁሯ ላም ጋ ተመልሼ አራት የሚለውን ሰረዝኩና አምስት አደረግሁት።